በሲጋራ ወረቀት ላይ የተጻፈ መጽሐፍ፤ ስለ ባለቅኔው ስለ አቶ ነቢይ መኮንን ሕይወትና ሥራ

አባቶቻችን መጽሐፍ ሊጽፉ ሲነሡ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ብራናው ነበር። በጉ ወይም ፍየሉ ታርዶ ቆዳው በውሃ ይነከራል፤ በመወጠሪያው ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ደርቆ በልክ ይቈረጣል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ብርዑ ይቀረጻል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው ጸሓፊው ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ፊደል የሚጥለው። የማተሚያ መኪና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ወረቀት እንደ ማንኛውም ዕቃ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ የዛሬ አንባቢ መጽሐፍ ሲይዝ ጽሑፉ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል እንጂ በምን ላይ ተጻፈ ብሎ አይጠይቅም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ባለቅኔ ልንናገር ስንነሣ የምንጀምረው ከዚሁ ከተረሳው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እኚህ ሰው ስማቸውን በአገር ያስጠራውን ትልቁን ሥራቸውን የጻፉት በብራና ወይም በደብተር ላይ ሳይሆን፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተላጥቶ በወጣ ብርማ ወረቀት ላይ ነው።

ሰውዬው አቶ ነቢይ መኮንን ናቸው። የተወለዱት ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ከተማ ሲሆን፣ ያረፉት በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ገጣሚ፣ ተርጓሚ፣ ጸሓፌ ተውኔትና ጋዜጠኛ ነበሩ። በአገራችን የደራሲ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የትውልድ ቀን፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የሹመትና የሽልማት ዝርዝር ተደርድሮ «ነፍሳቸውን ይማር» በሚል ቃል ይዘጋል። እኛ ግን ሰውየውን ካበቀለቻቸው ከተማ፣ ከደረሰባቸው ዘመንና ከእጃቸው ከወጣው ሥራ ጋር አያይዘን ለማየት እንሞክራለን። ዝርዝር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር ይቅር ይበለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የምትገኘው አዳማ፣ ከአገራችን ጥንታውያን ከተሞች ጋር የምትቈጠር አይደለችም። እንደ አክሱም ሐውልት፣ እንደ ጎንደር ግንብ፣ እንደ ሐረርም ጀጎል የላትም። ስሟ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ከቁልቋል ጋር እንደሚያያዝ ይነገራል፤ በእርግጥም በዙሪያዋ ያለውን ቆላ ያየ ሰው ለዚህ አባባል ምስክር አያስፈልገውም። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ወደ ሸዋ ደጋ ከመውጣቱ በፊት ከሚያርፍባቸው ጣቢያዎች አንዱ አዳማ ሆነ። በኋላም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቅድስት አገር ባለችው ከተማ ስም ናዝሬት ብለው ሰየሟት፤ በ1990ዎቹ ዓመታት የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። ይሁን እንጂ ዕድሜው የገፋ ሰው ዛሬም በአንዱ ዐረፍተ ነገር ናዝሬት፣ በሚቀጥለው አዳማ ሲላት ይሰማል።

የባቡር ጣቢያ ከተማ ጠባይ ከሌላው ከተማ ጠባይ ይለያል። በገዳም ዙሪያ ወይም በቤተ መንግሥት ሥር የቆመ ከተማ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ወግና አንድ ሥርዐት ይኖረዋል፤ በጣቢያ ዙሪያ የተሰበሰበ ከተማ ግን ባቡሩ ያወረደውን ሁሉ ይይዛል። በናዝሬት ገበያ ኦሮምኛና አማርኛ፣ ጉራግኛና አደርኛ፣ ዓረብኛም ሳይቀር ጎን ለጎን ይነገሩ ነበር፤ የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1946 ዓ.ም. በአንድ የሆላንድ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ሸንኮራ ለመቍረጥ የመጣው ሠራተኛ ቋንቋውንና ተረቱን ይዞ ወደ ሸለቆው ገባ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አዋሽ ሲገታ፣ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጨት ጀመረ። እንግዲህ የአቶ ነቢይ የልጅነት ዓይን ያየው ይህን ነው፤ ባቡሩን፣ ሸንኮራ አገዳውን፣ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰውና በአንድ መንገድ ላይ የሚሰማውን ብዙ ልሳን። ይህን ጕዳይ ያስረዘምነው ለከተማዋ ውዳሴ ለማቅረብ አይደለም። ወደ ኋላ ስለ ጋዜጣቸው ስንናገር ይጠቅመናልና አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

የዚያ ዘመን የናዝሬት ልጅ የሚማርበት ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት በአጼ ገላውዴዎስ ስም የተሰየመው ነበር። (አጼ ገላውዴዎስ በጦር ሜዳ ታሪካቸው ይታወቃሉ እንጂ ብዕርም የጨበጡ ንጉሥ ነበሩ፤ የሃይማኖት መግለጫቸው በ16ኛው ምእት ዓመት የአገራችንን እምነት ለውጭ ሰዎች ያስረዳ ጽሑፍ ነው። የትምህርት ቤት ስም ሲወጣ ይህ ታስቦ እንደ ሆነ እንጃ።) በነዚያ ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች የህንድ መምህራን ሒሳቡንና ሳይንሱን ያስተምሩ ነበር፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ በከተማዋ ከሚሰሙት ቋንቋዎች ሁሉ በላይ ተማሪውን የሚያደክመው ይኸው ቋንቋ ነበር። ያ ድካም ከዓመታት በኋላ በወኅኒ ውስጥ ፍሬ ያፈራል ብሎ ያሰበ መምህር አልነበረም።

የአማርኛም ግጥም በዚያው ጊዜ መንገድ እየለወጠ ነበር። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. ባሳተሙት «ልጅነት» የግጥሙን ምጣኔና ቤት መድፊያ ልል አድርገው ብዙ ክርክር አስነሡ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በቀለም ያደረጉትን በቃል ይሞክሩ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. «እሳት ወይ አበባ»ን ሲያወጡ ቃላቱ እንደ ነጎድጓድ ነበሩ። እነዚህ መጻሕፍት በተማሪዎች እጅ ሲዘዋወሩ፣ የተማሪዎቹ ልብ ግን በግጥም ብቻ የተያዘ አልነበረም፤ «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት ከተነሣ ዓመታት አልፈውት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በሚባለው ዘመን ያ ትውልድ በገዛ ከተማው አደባባይ ወደቀ፤ የተረፈውም በየቀበሌው እስር ቤት፣ በማእከላዊ ምርመራና በከርቸሌ ታጨቀ። አቶ ነቢይም ከታሰሩት አንዱ ሆኑ፤ በወኅኒም ዓመታትን አሳለፉ።

ወኅኒ በዚያ ዘመን የሞት መጠበቂያ ብቻ አልነበረም፤ እስረኞቹ ራሳቸው ያቆሙት ትምህርት ቤትም ነበር። የተማረው ያልተማረውን ፊደል ያስቈጥር ነበር፤ መሐንዲሱ ሒሳብ፣ ሐኪሙ የጤና አጠባበቅ፣ መምህሩ ታሪክ ያስተምር ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፍ ማግኘት እንጀራ የማግኘት ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ቀን፣ አዲስ ከገባ እስረኛ ጋር አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ ግቢው ገባ። መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል ስለ አገሯ የርስ በርስ ጦርነት የጻፈችው፣ ከ1 ሺህ ገጽ በላይ የሆነው ታላቅ ታሪክ ነው። ቅጂው አንድ፣ አንባቢው ብዙ ስለ ነበር እስረኞቹ በሰዓት ተከፋፈሉት፤ አንዱ አንድ ሰዓት አንብቦ ለሚቀጥለው ያቀብላል። እንግሊዝኛ የማያውቀው ግን፣ ጓደኛው ገጽ ሲገልጥና ፊቱ ሲለዋወጥ እያየ ከመጓጓት በቀር ድርሻ አልነበረውም። ትርጕሙ የተወለደው ከዚህ ጉጉት ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጽሐፉ ጥቂት መናገር ይገባናል። ልብ ወለዱ ለአንባብያን የቀረበበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1936፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ቀን በሌላ ምክንያት ያውቀዋል፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን መወረር ያሰሙበት ቀን ነው። ሁለቱን ያገናኘ አጋጣሚ እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ነገር ግን አንዲት አገር በጦርነት መፍረሷን የሚተርክ ልብ ወለድና ሌላዪቱ አገር በጦርነት መፍረሷን የሚናገር ንጉሥ በአንድ ቀን ወደ ዓለም መውጣታቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም። መጽሐፉ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በ1939 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲኒማ ሆኖ ዓለሙን ዞረ።

የእንግሊዝኛው ርእስ ከነፋስ ጋር ስለ ሄደ ነገር የሚናገር ሲሆን፣ ሚቼል የወሰደችው ኤርነስት ዳውሰን ከተባለ የእንግሊዝ ባለቅኔ ግጥም ነው። ከዚያ በፊት ግን ለመጽሐፏ ያሰበችው ርእስ ሌላ ነበር፤ እርሱም ታሪኩ የሚዘጋበት የነገው ቀን ነገር ነው። አቶ ነቢይ የአማርኛውን መጽሐፍ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለው ሲሰይሙት፣ ታዋቂውን ርእስ ትተው ደራሲዋ ወደ ተወችው ርእስ ተመለሱ ማለት ነው። ይህ ምርጫ ትንሽ መስሎ አይታየንም። የእንግሊዝኛው ርእስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ስለ ጠፋው ያዝናል፤ አማርኛው ግን ፊቱን ወደ ፊት ያዞራል። በቤቱ በሰላም ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ስላለፈው ነገር ማዘን ደስ ይለዋል። ነገ በስሙ ተጠርቶ ይውጣ ወይም አይውጣ የማያውቅ እስረኛ ግን «ነገ» የሚለውን ቃል የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው።

ሥራው እንዴት ተሠራ? ወረቀት አይገኝም፤ የተጻፈ ነገርም ቢያዝ መዘዝ ነው። ሲጋራ ግን ወደ ወኅኒ ይገባ ነበር። እስረኞቹ አጭሰው የጨረሱትን ፓኮ እየቀደዱ፣ ከውስጡ ያለውን ብርማ ወረቀት እያለሰለሱ ለተርጓሚው ያቀብሉት ጀመር። በዚያች ከመዳፍ በማትበልጥ ወረቀት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሐረግ በሐረግ መጽሐፉ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የወረቀቱ ቍጥር 3,000 ያህል ደረሰ። የቁም ጸሓፊዎቻችን የብራና ጠርዝ እንዳይባክን ፊደሉን አጠጋግተው ይጽፉ እንደ ነበር የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ደግሞ ከመተርጐም የማያንስ ነበር፤ የተጻፈውን ማውጣት። የሚፈታ እስረኛ በተገኘ ጊዜ ወረቀቶቹ እንደ ነበሩ ታጥፈው ተመልሰው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይገቡና፣ እስረኛው ፓኮውን በኪሱ ይዞ በበሩ ያልፋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ፓኮ ቢይዝ ማን ይጠረጥረዋል? በዚህ ዓይነት መጽሐፉ ተቈራርሶ፣ በብዙ ሰው ኪስ፣ በተለያየ ጊዜ ከወኅኒ ወጣ። ተርጓሚው ራሳቸው በተፈቱ ጊዜ ደግሞ የተበተነውን ቍርጥራጭ ከያለበት ፈልጎ የመሰብሰብ ሥራ ጠበቃቸው። ይህም ራሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቈይቶም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለሕዝብ ቀረበ፤ ብዙ አንባቢም አገኘ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ግን የመጽሐፉን ነውር ልንሸፍን አይገባንም። የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ የደቡብ አሜሪካን ባለርስቶች ዓለም በባለርስቶቹ ዓይን የሚያይ ነው። በጥጥ እርሻው ላይ የሚለፋው ጥቍር ባሪያ እንደ ታማኝ አገልጋይ እንጂ እንደ ባለ ሙሉ ሰውነት አይታይም፤ የነጻነቱም ቀን እንደ ጥፋት ቀን ተቈጥሮ ተጽፏል። በአሜሪካም በሌላም አገር ብዙ ሊቃውንት ይህን ነቅፈዋል፤ ነቀፌታቸውም የተገባ ነው ብለን እናምናለን። ታዲያ ለመሬት ላራሹ የጮኸ ትውልድ፣ ያውም በጥቍር ሕዝብ አገር፣ በእስር ቤት ተቀምጦ የባለርስት ልጅ የሆነችውን የስካርሌት ኦሃራን ታሪክ እንዴት ወደደው?

በበኩላችን ይህን ጥያቄ ደጋግመን አስበንበታል። እንደሚመስለን እስረኛው ከመጽሐፉ የወሰደው ደራሲዋ የሰጠችውን ሁሉ አልነበረም። ለባሪያ አሳዳሪው ማዘኗን አልወሰደም፤ ሥርዐት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል፣ ትላንት ጌታ የነበረ ዛሬ ሲራብ፣ ከተማ ሲቃጠል፣ ወንድም ከወንድሙ ሲጋደል፣ አንዲት ሴት በምድረ በዳ ከቀረ እርሻ ውስጥ በጥፍሯ ቈፍራ ሥር ስትበላ፣ ይህን ወሰደ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ባለርስቱም ሲወድቅ፣ ባለርስቱን የጣለውም ወጣት ሲወድቅ አይታለች። ስለዚህ የአትላንታ መቃጠል ለዚያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ከወንጂ የሸንኮራ ማሳ አጠገብ ላደገ ተርጓሚም በፀሐይ ተደርድሮ የሚለፋ ሠራተኛ ባዕድ ሥዕል አይሆንበትም። አንባቢ መጽሐፍን የሚያነበው በራሱ ኑሮ ላይ ነው፤ ይህም መጽሐፉን ከነውሩ ነጻ አያወጣውም።

ስለ ትርጕም ከተነሣ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትርጕም የሁለተኛ ደረጃ ሥራ ሆኖ እንደማያውቅ ማስታወስ ይገባል። ግእዙ ራሱ ከግሪክና ከዓረብ የተመለሱ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ነው። በቅርቡም ዘመን ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ፣ ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን ሮሜዮና ጁልየት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሰዋል። እነዚህ ሁሉ ግን የጻፉት መዝገበ ቃላት በአጠገባቸው፣ መብራት በራሳቸው ላይ፣ ደብተር በፊታቸው ይዘው ነው። በእስር ቤት ለሚተረጕም ሰው መዝገበ ቃላቱ የጓደኞቹ ጭንቅላት ነው፤ አንዱ የገበሬውን ቃል፣ ሌላው የወታደሩን፣ ሦስተኛው የአናጢውን ሊያዋጣ ይችላል።

በሌላም አገር የእኚህ ሰው መሰሎች አሉ። ቱርካዊው ታላቅ ባለቅኔ ናዚም ሂክመት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 እስከ 1950 ታስሮ ሳለ፣ በቡርሳ ወኅኒ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ወደ ቱርክኛ ተርጕሟል፤ ገጣሚ የሌላ ሰው ረጅም ልብ ወለድ ይዞ በወኅኒ መቀመጡ እንግዲህ የአቶ ነቢይ ብቻ ዕድል አልነበረም። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1978 በአውሮፓ አቆጣጠር በካሚቲ ወኅኒ ታስረው በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ ነው። የህንዱ ባለቅኔ ማካንላል ቻቱርቬዲም በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በቢላስፑር ወኅኒ ሳሉ በሂንዲ የጻፉት ስለ አንዲት አበባ ምኞት የሚናገር አጭር ግጥም፣ የህንድ ልጆች በትምህርት ቤት በቃላቸው የሚያጠኑት ሆኗል። በእነዚህ ሰዎችና በአቶ ነቢይ መካከል የምናየው አንድ ልዩነት አለ። ንጉጊና ቻቱርቬዲ የራሳቸውን ቃል ጻፉ፤ አቶ ነቢይ ግን በወኅኒ ሳሉ ጕልበታቸውን ለሌላ ሰው ቃል ሰጡ፤ ይኸውም በአጠገባቸው ያለው እስረኛ እንዲያነበው ነበር።

የራሳቸው ቃል በኋላ መጣ። የግጥም መድበላቸው «ስውር ስፌት» ይባላል፤ ከአንድ ቅጽ በላይ ሆኖ ታትሟል። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያውቀው ስውር ስፌት ማለት ክሩ ከላይ እንዳይታይ በእጥፋቱ ውስጥ የሚያልፍ ስፌት ነው። ልብሱን አንድ አድርጎ የሚይዘው እርሱ ነው፤ የሚታየው ግን ጨርቁ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቅኔ መግለጫ ርእስ በቀላሉ አይገኝም። በወኅኒው በር ያለፈውን የታጠፈ ወረቀትም ያስታውሰናል፤ ሁለቱን የምናያይዘው ግን እኛ ነን እንጂ ባለቅኔው እንዲህ ብለዋል ማለታችን አይደለም። የአቶ ነቢይ ግጥም እንደ ጸጋዬ ነጎድጓድ አይደለም። ቃሉ የመንገድና የቤት ቃል ነው፤ ሳቅ አለበት፤ አንባቢው በሳቁ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቆም ብሎ የተሳቀበት ነገር ራሱ መሆኑን ያስተውላል። በሕዝብ ፊት ሲያነቡም አድማጩ መጀመሪያ ይሥቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሁሉም ግጥማቸው እኩል ነው አንልም። ለአንድ ቀን ጕዳይ ተጽፈው ከቀኑ ጋር ያለፉ አሉ፤ ጋዜጠኛ የሆነ ገጣሚ ከዚህ ፈተና አያመልጥም።

በቅርብ ጊዜ በአዳማ ሳለን ይህን መድበል ለአንድ ወጣት መምህር ልንሰጥ ፈልገን፣ ሦስት መጽሐፍ ቤቶችና በመንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ዘንድ ጠየቅን። የፈተና መለማመጃና የገንዘብ ማግኛ ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ «ስውር ስፌት» ግን አልተገኘም። ከሻጮቹ አንዱ ስሙን ሰምቶ «የልብስ ስፌት መማሪያ ነው?» አለን። ልጁ አይወቀስም፤ በከተማው የተወለደውን ባለቅኔ ማንም አልነገረውም።

የአቶ ነቢይን ስም በየሳምንቱ ወደ ብዙ ቤት ያስገባው ግን ጋዜጣ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት ዐዋጅ ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ከተነሣ በኋላ፣ በርካታ የግል ጋዜጦች ተወልደው ብዙዎቹ ሳይቈዩ ሞቱ። በ1992 ዓ.ም. አሰፋ ጎሳዬ «አዲስ አድማስ»ን ሲመሠርቱ አቶ ነቢይ ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ጋዜጣው ከፖለቲካው ጋር ኪነ ጥበብን ያዘለ ነበር፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የመሰሉ ደራስያን ጽፈውበታል። ከሁሉ በላይ አንባቢው የሚለየው በርእሰ አንቀጹ ነበር። በሌላ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ማለት መንግሥትን የሚመክር ወይም የሚነቅፍ ደረቅ ጽሑፍ ነው። በዚህኛው ግን ርእሰ አንቀጹ በተረት ይጀምራል። ከዕለታት አንድ ቀን አንበሳ፣ ቀበሮና አህያ ይገናኛሉ፤ ወይም አንድ ንጉሥ ከአማካሪዎቹ ጋር ይማከራል፤ ወይም አንድ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። ተረቱ ሲያልቅ የሳምንቱ የአገር ጕዳይ ይከተላል፤ በመጨረሻም ጽሑፉ በምሳሌያዊ አነጋገር ይዘጋል። ያ ምሳሌ ሁልጊዜ የአማርኛ ብቻ አልነበረም፤ አንዳንድ ጊዜ የጉራጌ፣ አንዳንድ ጊዜ የወላይታ፣ አንዳንድ ጊዜ የኦሮሞ ይሆናል።

አንባቢ እንዲይዝልን የለመንነው ነገር እዚህ ላይ ይመለሳል። ከከምባታና ከወላይታ ሸንኮራ ሊቈርጥ የመጣው ሰው፣ ከጉራጌ ለንግድ የመጣው ነጋዴና የአርሲው ገበሬ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ልጅ፣ የአገር ጕዳይ ሲናገር ከአንድ ቋንቋ ምሳሌ ብቻ ቢጠቅስ ይገርመን ነበር። የጣቢያ ከተማ ልጅ የሰማውን ሁሉ ይዞ ሄደ።

ተረት የማቅረቡም ነገር እንዲሁ ጨዋታ አልነበረም። የአገራችን ሰው ኀይለኛን ሲናገር በእንስሳ ስም የሚናገር ነው፤ ቤተ ክህነቱ ሰምና ወርቅ ብሎ ያስተማረውን፣ ገበሬው ሳይማር በተረት ይሠራበታል። አንበሳው ማን እንደ ሆነ ጋዜጣው አይናገርም፤ ቢሮ ውስጥ ጋዜጣውን የሚገልጥ ሹም ግን ራሱን ይጠይቃል፤ ከሥሩ ያለውም ጸሓፊ የአለቃውን ፊት አይቶ ይጠይቃል። የዚህ አጻጻፍ ድካም አለው፤ ተረቱ አንዳንድ ጊዜ ከጕዳዩ ይርቃል፣ አንዳንድ ጊዜም ሁሉን ሰው ስለሚነካ ማንንም ሳይነካ ያልፋል ብለው የሚወቅሱ ነበሩ። ወቀሳው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጋዜጦች በጩኸት ተወልደው በጩኸት ሲዘጉ፣ ይህኛው ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣቱን ስናይ፣ ስውሩ ስፌት ጨርቁን ይዞ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

አሜሪካንንም በመጨረሻ በዓይናቸው አዩዋት። በዚያ አገር የተዘዋወሩበትን ጕዞ «የእኛ ሰው በአሜሪካ» በሚል ርእስ ጽፈው ለአንባቢ አቅርበዋል። በወጣትነታቸው ያቺን አገር በሲጋራ ወረቀት ላይ፣ ከአጥር ውስጥ ሆነው፣ በሌላ ሰው ዓይን እያዩ ወደ አማርኛ የመለሷት ሰው፣ በጎልማሳነታቸው በእግራቸው ረግጠዋት የስደተኛውን ወንድማቸውን ኑሮ፣ የታክሲ ነጂውን፣ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂውን ድካም በጨዋታ መልክ ጻፉ። ለመድረክም ለቴሌቪዥንም የደረሷቸው ሥራዎች አሉ፤ ስለ እነርሱ ተውኔት የሚያውቅ ሰው በሌላ ጊዜ ቢጽፍ የተሻለ ይሆናል።

ያረፉት ባለፉት ዓመታት በሰኔ ወር ነው ብለናል። የመጽሐፉ ሽፋን የአንዲት ደራሲና የአንድ ተርጓሚ ስም ይዟል፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። ከወኅኒው በር ፓኮውን በኪሳቸው ይዘው የወጡት ሰዎች ግን ስማቸው በሽፋኑ ላይ የለም። እያንዳንዳቸው የያዙት ጥቂት ቅጠል ብቻ ነበር፤ አንዱ የጦርነቱን መጀመሪያ፣ ሌላው የከተማውን መቃጠል፣ ሌላው የሠርጉን ቀን ይዞ ይሆናል። ቤቱ ደርሶ ፓኮውን የከፈተ ሰው፣ ከእጁ ካለው በፊትም ሆነ በኋላ የሆነውን ለማወቅ መጽሐፉ እስኪታተም መጠበቅ ነበረበት።